መኪናው ራሱ ፍሬን ሲይዝ፦ ጅማ ውስጥ ለሾፌሮች፣ ለመካኒኮችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር

ሰላም ለሁላችሁም። አካም ጅርቱ። በዚህ ዝናብ ከመርካቶም፣ ከአጂፕም፣ ከፈረንጅ አራዳም ሥራችሁን አቋርጣችሁ መምጣታችሁ በጣም ደስ ብሎኛል። ፊት ለፊቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ መሪ ላይ ያሳለፉ አባቶች ተቀምጠዋል። ከኋላ የቆማችሁት ገና መንጃ ፈቃድ ያልያዛችሁ ተማሪዎች ናችሁ። መሀል ላይ እጃቸው በዘይት የጠቆረ የጋራዥ ልጆች አያለሁ። ዛሬ የማወራው ነገር ሦስታችሁንም ይመለከታል።

በአንድ ምሽት ልጀምር። ያለፈው ክረምት ነው። ከሰርቦ ወደ ጅማ እየገባሁ ነበር። ዝናቡ አባርቷል፣ አስፋልቱ ግን ገና ያብረቀርቃል። ከቆመ ባጃጅ ኋላ አንድ ልጅ ፌስታል አንጠልጥሎ ብቅ አለ። ገና "ልጅ!" ብዬ ሳላስብ መኪናው ጮኸ። ወዲያው ቀበቶው ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ። እግሬ ፍሬን ጋ ሲደርስ መኪናው ቀድሞኝ ይዞ ነበር። ቆምን። ልጁ ዞር ብሎ እንኳን ሳያይ ሮጦ ተሻገረ። እኔ መሪውን እንደጨበጥኩ ለብዙ ደቂቃ መንቀሳቀስ አቃተኝ።

ስለዚህ ቴክኖሎጂ ለዓመታት አስተምሬያለሁ። ከዚያ ምሽት በኋላ ግን በሌላ ልብ ነው የማወራው።

ስሙ አውቶማቲክ የድንገተኛ ፍሬን ይባላል። በካታሎግና በሽያጭ ማስታወቂያ ላይ ኤኢቢ ተብሎ ታገኙታላችሁ። ሥራው አንድ ነው። ከፊት ግጭት እየመጣ መሆኑን ሲያይ መጀመሪያ ሾፌሩን ያስጠነቅቃል። ሾፌሩ ዝም ካለ ራሱ ፍሬን ይይዛል።

ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከትልቅ አውቶቡስ ርዝመት ይበልጣል። ሰው ድንገት የሆነ ነገር ሲገጥመው ማየት አለበት፣ ምን እንደሆነ መረዳት አለበት፣ እግሩን ከነዳጅ አንስቶ ፍሬን ላይ ማሳረፍ አለበት። ይህ ሁሉ ተደምሮ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይወስዳል። በዚህ ጊዜ መኪናው 25 ሜትር ሄዷል፣ ፍሬን ግን ገና አልተያዘም። ከዚያ በኋላ ደረቅ አስፋልት ላይ፣ በደህና ጎማ፣ ለመቆም ሌላ 20 ሜትር ያስፈልጋል።

አሁን ልጁ 30 ሜትር ላይ ብቅ አለ እንበል። ሾፌሩ 25ቱን ሜትር ገና ሲደነግጥ ጨረሰው። የቀረው 5 ሜትር ነው። ልጁ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ ገና ከ50 በላይ ነው። ማሽኑ ግን በግማሽ ሰከንድ ወስኖ ፍሬኑን ቢይዝ፣ ስምንት ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ መቀነስ ይጀምራል። ከልጁ ሁለት ሜትር ያህል ቀደም ብሎ ይቆማል። ጎማው ያው ነው፣ ፍሬኑም ያው ነው። የተለየችው ያቺ አንድ ሰከንድ ብቻ ናት።

መንገዱ ሲረጥብ ሒሳቡ ይለወጣል። እርጥብ አስፋልት ላይ ከ60 ለመቆም ወደ 35 ሜትር ሊያስፈልግ ይችላል። ያው ማሽን፣ በዚያው ግማሽ ሰከንድ ወስኖ፣ ልጁ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ 37 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ማሽኑ አልተሳሳተም። ጎማው ያልያዘውን ኮምፒውተር ሊይዘው አይችልም። ጅማ ደግሞ ዓመቱን ብዙውን ጊዜ የሚዘንብባት ከተማ ናት። ያን ምሽት እኔ የምሄደው በ30 ነበር። ልጁን ያዳነው ማሽኑ ነው እላለሁ፣ ግን በ60 እየሄድኩ ቢሆን ኖሮ ማሽኑም አያድነውም ነበር። ይህን ደጋግሜ አስቤዋለሁ።

እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት የጅማን በርጩማ ላንሳ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለውን፣ ባለ ሦስት እግሩን። ይህ ሥርዓትም ሦስት እግር አለው። የሚያይ ዓይን፣ የሚወስን አእምሮ፣ የሚይዝ ፍሬን። አንዱ እግር ካጠረ በርጩማው ላይ መቀመጥ አይቻልም።

ከዓይኑ እንጀምር። ብዙ መኪኖች ላይ ሁለት ዓይነት ዓይን አለ። አንዱ ራዳር ነው። ከፊት አርማው ኋላ ወይም ከፓራውልቱ ውስጥ ይቀመጣል። ራዳር የገደል ማሚቶን ይመስላል። ሞገድ ይልካል፣ ሞገዱ ነገሩን ነክቶ ይመለሳል፣ ከመመለሻው ጊዜ ርቀቱ ይታወቃል። ፍጥነቱንም ይለካል። አምቡላንስ እየጮኸ ወደ እናንተ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ አልፏችሁ ሲሄድ ይወፍራል አይደል? ራዳርም ከተመለሰው ሞገድ ለውጥ ነገሩ እየቀረበ ይሁን እየራቀ ያውቃል። ጭጋግና ዝናብ ብዙም አያስቸግሩትም። ሌላው ካሜራ ነው። ከስፖኪዮው ኋላ፣ የፊት መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ይገኛል። ራዳር "አንድ ነገር አለ" ይላል። ካሜራ ደግሞ "ሰው ነው፣ ብስክሌት ነው፣ መኪና ነው" ይላል።

አእምሮው ርቀቱን ለመቀራረቢያ ፍጥነት ያካፍላል። 20 ሜትር ቀርቶ በሰከንድ 10 ሜትር እየቀረባችሁ ከሆነ፣ ለግጭቱ ሁለት ሰከንድ ቀርቷል ማለት ነው። ይህን ስሌት በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋግመዋል። ጊዜው ሲያጥር ይጮሃል። ይበልጥ ሲያጥር ፍሬን ይይዛል። የተባበሩት መንግሥታት ያወጣው ለአነስተኛ መኪኖች የሚያገለግል ደንብ ቁጥር 152 ከፊት ካለ መኪና ጋር ለሚመጣ ግጭት ማስጠንቀቂያው፣ ግጭቱ በጊዜ ሊታወቅ እስከቻለ ድረስ፣ ፍሬኑ ከመያዙ ቢያንስ 0.8 ሰከንድ በፊት እንዲሰጥ ያዛል።

ሦስተኛው እግር ፍሬኑ ነው። እዚህ ላይ ወጣቶቹ ልብ በሉ። መኪናው እግራችሁ ሳይነካው ፍሬን የሚይዘው፣ የፍሬን ዘይቱን በራሱ የሚገፋ ፓምፕ ስላለው ነው። ሥሩ የሚጀምረው መርሴዲስና ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1978 ለሽያጭ ካቀረቡት ኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ ከሚያደርገው ሥርዓት ነው። መርሴዲስ በ1990ዎቹ ሾፌሮችን ሲያጠና አንድ ነገር አየ። ሰው ሲደነግጥ ፍሬኑን ቶሎ ይረግጣል፣ ግን በበቂ ኃይል አይረግጥም። ስለዚህ በ1996 ፍሬኑ የተረገጠበትን ፍጥነት አይቶ ሙሉውን ፍሬን የሚጨምር ረዳት አወጣ። በ2003 ሆንዳ ጃፓን ውስጥ ራዳር ያለው መኪና ራሱ ፍሬን እንዲይዝ አደረገ። በ2008 ደግሞ ቮልቮ ኤክስሲ60 ላይ ለከተማ ፍጥነት የሚሆነውን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ገጠመው። ያን ጊዜ የሚሠራው ከ30 ኪሎ ሜትር በታች ብቻ ነበር።

ዛሬ በብዙ አገር ሕግ ሆኗል። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ መኪና ያለዚህ ፍሬን አይመዘገብም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣችው ደንብ ለአዳዲስ መኪኖች እስከ 2029 ቀነ ገደብ አስቀምጣ ነበር። የአሜሪካ ኢንሹራንሶች የመንገድ ደህንነት ተቋም የእውነተኛ አደጋ መዝገቦችን አነጻጽሮ፣ ይህ ሥርዓት ከፊት ያለን መኪና ከኋላ የመግጨት አደጋን በግማሽ እንደሚቀንስ አግኝቷል። እግረኛ የመግጨት አደጋን ደግሞ በ27 በመቶ።

ግን በእግረኞቹ ጥናት ውስጥ እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነገር አለ። የመንገድ መብራት በሌለበት ጨለማ፣ እግረኛን በማዳን በኩል ልዩነት አልታየም። ይህ ስንቱን መንገዳችንን ይመለከታል? ከጅማ ወጥታችሁ ወደ አሰንዳቦ በማታ ስትነዱ የምታዩትን አስቡ። ጥቁር ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ በመንገዱ ዳር ይሄዳል። ካሜራውም እንደ እኛው በብርሃን ነው የሚያየው። ስለዚህ ማታ ማሽን አለኝ ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

ሌላ ድክመት አለው። ራዳር የቆመን ነገር መለየት ይቸግረዋል። ለምን? መንገድ ዳር ያለው ነገር ሁሉ ይመልስለታላ። የመንገድ ምልክቱ፣ የድልድዩ ብረት፣ አጥሩ። ለሁሉም ፍሬን ከያዘ መኪናው መሄድ አይችልም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ፣ በተለይ በፊተኞቹ መኪኖች ላይ፣ በከፍተኛ ፍጥነት ሲነዳ የማይንቀሳቀሱ ነገሮችን አጣርቶ እንዲተው አደረጉት። አዳዲሶቹ ካሜራውን ጨምረው ብዙ አሻሽለዋል። ቢሆንም በ80 እየነዳችሁ ከፊታችሁ የተበላሸ የጭነት መኪና ቆሞ ቢገኝ ማሽኑ በጊዜ ላያየው ይችላል።

የተበላሸ የጭነት መኪና ደግሞ የኛ መንገድ እንግዳ አይደለም። ሾፌሩ ከኋላ ቅጠልና ድንጋይ ይደረድራል። ቅጠሉን የቆረጠው ሰው ልቡ መልካም ነው። ግን ራዳር ቅጠልን እንደ ብረት አጥርቶ አያይም፣ ካሜራውም ቅጠል ማለት አደጋ ነው ተብሎ አልተማረም። የሚያንጸባርቀውን ሦስት ማዕዘን አስቀምጡ እባካችሁ። ለሾፌር ዓይን ከሩቅ የሚታየው እሱ ነው። ስትሄዱም ድንጋዩን አንሱ። ድንጋይ ተትቶ ስንት ሰው እንደተጎዳ አባቶቼ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

ካሜራው የሚያውቀው የተማረውን ነው ብያለሁ። ቮልቮ በስዊድን ጫካ የሚዞረውን ትልቅ አጋዘን፣ ፈረስንም ጭምር እንዲለይ ሥርዓቱን አስተምሯል። ከዚያ አውስትራሊያ ወስዶ ሲሞክረው በካንጋሮ ግራ ተጋባ። ካንጋሮ ስትዘል አየር ላይ ሆና የራቀች ትመስላለች፣ መሬት ስትነካ የቀረበች ትመስላለች። ይህን ያወጣው ኩባንያው ራሱ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2017። እንግዲህ የኛን መንገድ አስቡት። ጭነት የተሸከመች አህያ፣ ከጎን የምትገባ ላም፣ የፈረስ ጋሪ፣ ሦስት ሰው የጫነ ሞተር፣ ድንገት የሚዞር ባጃጅ። ይህን ሁሉ ያያል ብዬ ቃል ልገባላችሁ አልችልም። የአውሮፓ መመዘኛ ፈተና መኪና፣ እግረኛ፣ ብስክሌትና ሞተር ሳይክል ነው የሚፈትነው። የፈረስ ጋሪ የለበትም። እኔ አንድ ቀን ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል የኛን መንገድ ለካሜራ የሚያስተምር ይወጣል ብዬ ከልቤ እጠብቃለሁ። የአዌቱን ድልድይ የገበያ ቀን መሻገር የቻለ ካሜራ የትም አገር አይቸገርም።

አሁን ወደ ጋራዥ ልጆች ልምጣ። ከሁሉ በላይ መናገር የፈለግኩት ይህን ነው።

ያ ልጁን ያዳነው መኪናዬ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ጠጠር ተፈናጥሮ የፊት መስታወቱ ተሰነጠቀ። አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። መስታወቱ ተቀየረ፣ በደንብ ታጠበ፣ ተረከብኩ። ሥራው ያማረ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከአሰንዳቦ ስመለስ፣ ፊቴ ባዶ መንገድ ሆኖ ሳለ፣ መኪናው በራሱ ፍሬን ያዘ። ከኋላዬ አይሱዙ ነበር። ሾፌሩ ክላክሱን እየነፋ ወደ ጎን አውጥቶ አለፈኝ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ርቀት ጠብቆ ባይነዳ ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር።

ምን ሆነ? ካሜራው ወደ ቦታው ሲመለስ ትንሽ ዘምሟል። ትንሽ ስል አንድ ዲግሪ ያህል እንበል። በዓይን አይታይም። ግን አንድ ዲግሪ 50 ሜትር ላይ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። መንገድ ዳር የቆመው ነገር መሀል መንገድ ላይ ያለ ይመስለዋል። ለዚህ ነው መስታወት ከተቀየረ በኋላ ካሜራው እንደገና መለካትና መስተካከል ያለበት። ካሊብሬሽን ይሉታል። በኮምፒውተርና በመለኪያ ሰሌዳ፣ ወይም እንደ መኪናው ዓይነት በተወሰነ ፍጥነት እየተነዳ ይሠራል። መሣሪያው ከሌላችሁ ለደንበኛው በግልጽ ንገሩት። "መስታወቱን ቀይሬልሃለሁ፣ ካሜራው ግን አልተስተካከለም፣ እስኪስተካከል ይህን ሥርዓት አጥፍተህ ንዳ" በሉት። ይህን ማለት ሙያ ነው፣ ማንም አይንቃችሁም።

ባትላሜራ የምትሠሩም ስሙኝ። ፓራውልት ሲሰበር በስቱኮ ሞልቶ ቀለም መቀባት የለመድነው ነው። ራዳሩ ከዚያ ኋላ ካለ ግን ወፍራም ስቱኮ ሞገዱን ያዳክመዋል፣ ያጣምመዋልም። ራዳሩ የታሰረበት ብረት ከተጣመመም እንደ ካሜራው ነው፣ ሌላ ቦታ ያያል። ስቱኮ ከመቀባታችሁ በፊት ራዳሩ የት እንዳለ እዩ።

የፍሬን ሸራ፣ ፓድ፣ የፍሬን ዘይትና ጎማ ጉዳይ እናንተ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ከወልቂጤ መልስ የጊቤን ቁልቁለት በገለልተኛ ማርሽ፣ ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሾፌር ታች ሲደርስ ፍሬኑ ግሎ አቅሙን ጨርሷል። ያኔ የትኛውም ኮምፒውተር ቢያዝ የሚታዘዝ ፍሬን የለም። ከባድ ማርሽ አስገብታችሁ በሞተር ውረዱ። ሊሾ በሆነ ጎማም ያው ነው።

ስለ ግዢ አጭር ነገር ልናገር። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ፣ ጅማም ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪናዎች እየበዙ ነው። ብዙዎቹ ከቻይና የመጡ ናቸው። አንዳንዱ ይህ ፍሬን አለው፣ አንዳንዱ ስሙ አንድ ሆኖ ርካሹ ዓይነት ላይ የለም። ሻጩን "ካሜራ አለው?" ብላችሁ አትጠይቁ። ለማቆሚያ የሚረዳውን የኋላ ካሜራ ያሳያችኋል። "ከፊት ግጭት ሲመጣ ራሱ ፍሬን ይይዛል ወይ? እግረኛንስ ያያል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ስክሪኑ በቻይንኛ ከሆነ ቋንቋውን አስቀይሩ፣ ካልተቻለ የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ተርጉሞ የሚጽፍላችሁ ሰው ፈልጉ። እየጮኸ የሚነግራችሁን የማታነቡት መኪና ግማሽ መኪና ነው።

ቪትዝና ዶልፊን ሚኒባስ ያላችሁ፣ "እኛስ እናስገጥመው?" ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። በኋላ የሚገጠሙት አብዛኞቹ መሣሪያዎች ያስጠነቅቃሉ እንጂ ፍሬን አይይዙም። ማስጠንቀቂያውም ቢሆን ይጠቅማል። የፍሬን መስመር ቆርጦ የሚገጥም ሰው ከመጣ ግን እንቢ በሉ።

አሁን ደግሞ ጮክ ብዬ የምናገረው ለባጃጅ ሾፌሮች ነው። እናንተ ይህ ፍሬን የላችሁም። ግን ሌላው መኪና ውስጥ ያለው ካሜራ የሚፈልገው እናንተን ነው። የኋላ መብራታችሁ ይብራ። ሸራው ላይ አንጸባራቂ ለጥፉ። ርካሽ ነገር ነው። ጋሪ ላላቸው ጎረቤቶቻችሁም ንገሩልኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፣ ከአሥሩ ዘጠኙ እንደኛ ባሉ አገሮች። በኛ አገር ከሚሞቱት መካከል መኪና ውስጥ ያልነበሩ ብዙ ናቸው። በእግራቸው የሚሄዱ ናቸው። ስለዚህ ይህ ቴክኖሎጂ የባለ መኪና ቅንጦት ነው ሲሉኝ አልቀበልም። ያን ምሽት የዳነው እኔ አይደለሁም። ፌስታል የያዘው ልጅ ነው።

ዝናቡ ያባራ ይመስላል። መኪናዬ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ካሜራውም ራዳሩም የት እንዳሉ በእጃችሁ እንድትነኩ እፈልጋለሁ። አንድ አባት ቅድም ከመግባታችን በፊት የራሳቸውን መኪና አሳይተውኛል። ከስፖኪዮው ኋላ፣ ልክ ካሜራው ፊት፣ "እግዚአብሔር ይጠብቀን" የሚል ጥቅስ ተለጥፎ ነበር። አብረን ቀስ ብለን ላጥነውና ከመስታወቱ ጥግ፣ በቀኝ በኩል ለጠፍነው። አሁን ጥቅሱም ይነበባል፣ ካሜራውም ያያል። ኑ፣ እንውጣና የእናንተንም እንይ።